ለድራፍቱ የገዛሁት መመሪያ ዝላዩን እንጂ ልጁን አላሳየኝም

ዋጋውን አያወጣም። ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ለመግዛት ያሰበ ሰው ካለ መጀመሪያ ይህን ያንብብ። የምጽፈው ሜልበርን ሆናችሁ ፉቲ፣ ማለትም የአውስትራሊያን እግር ኳስ፣ ለምትከታተሉ ነው። በተለይ ልጃችሁ ወይም የእህታችሁ ልጅ ከ18 ዓመት በታች የሚጫወት ከሆነ። ወይም እንደ እኔ ኖቬምበር በመጣ ቁጥር «ዘንድሮ ክለባችን ቡልዶግስ ማንን ይወስድ ይሆን?» እያላችሁ እንቅልፍ የምታጡ ከሆነ።

የገዛሁት ከድራፍቱ በፊት ወጣት ተጫዋቾችን የሚገመግም የኢንተርኔት መመሪያ ነው። ስሙን አልጠራም። የፈለግሁት አንድን ድርጅት ማሳጣት ሳይሆን እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገዛ ምን መታየት እንዳለበት መናገር ነው። ክፍያው ለአንድ ወቅት ነው። ከፍላችሁ ስትገቡ የእያንዳንዱ ዕጩ ገጽ ይከፈትላችኋል። ቁመት፣ ክብደት፣ የልደት ቀን፣ የሚጫወትበት ቡድን፣ የፈተና ውጤት፣ አጭር ግምገማ፣ ከዚያ ደረጃ። ደረጃው በየወሩ ይታደሳል።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። የአውስትራሊያ ፉቲ ትልቁ ሊግ፣ ኤኤፍኤል፣ 18 ክለቦች አሉት። ታዝማኒያ በ2028 ሲገባ 19 ይሆናሉ። ክለቦቹ ወጣት ተጫዋች በገንዘብ አይገዙም። በዓመት አንድ ጊዜ በተራ ይመርጣሉ፤ በሰንጠረዡ ግርጌ የጨረሰው መጀመሪያ ይመርጣል። ድራፍት የሚባለው ይህ ነው፤ ከ1986 ጀምሮ አለ። ልጁ በዚያው ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 18 ዓመት መሙላት አለበት።

ጥሩ ጎኑን ልናገር፤ አለው። ስልክ ላይ በደንብ ይሠራል። ከሥራ ስመለስ ባቡር ላይ ሆኜ ነው የማነበው፤ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ልጆቹን በቡድን፣ በቁመት፣ በሚጫወቱበት ቦታ መለየት ይቻላል። ከ195 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆኑ ተከላካዮችን ብቻ አሳየኝ ካላችሁት ወዲያው ያወጣል። የምርጫ ተራው በክለቦች መካከል ሲቀያየር ቶሎ ያስተካክላል፤ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ክለቦች ከ2018 ጀምሮ በድራፍቱ ምሽት ሳይቀር ተራ መለዋወጥ ስለሚችሉ ነገሩ በየደቂቃው ይለዋወጣል። ይህን የሠራው ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ችግሩ ግምገማው ላይ ነው። እኔ ደግሞ ገንዘቤን የከፈልኩት ለግምገማው ነው።

ደረጃ ማውጣት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የ2001ን ድራፍት ተመልከቱ። ሉክ ሆጅ 1ኛ፣ ሉክ ቦል 2ኛ፣ ክሪስ ጀድ 3ኛ ተመረጡ። ጀድ የትከሻ ችግር ስለነበረበት ሥጋት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሊጉን የኮከብ ሽልማት፣ ብራውንሎውን፣ ሁለት ጊዜ ወሰደ፤ በ2004 እና በ2010። እሱስ ይሁን፣ 3ኛ መመረጥ ክብር ነው። ሳም ሚቼል ግን በዚያው ዓመት 36ኛ ነው የተመረጠው። ዴን ስዋን 58ኛ። ሁለቱም ብራውንሎው አላቸው። ላቺ ኒል በ2011 እንዲሁ 58ኛ ነበር፤ ሽልማቱን በ2020 እና በ2023 ወሰደ። ጄምስ ሄርድ በ1990 ሲመረጥ 78 ልጆች ቀድመውት ነበር።

መልማዮቹን ለመውቀስ አይደለም የማነሣው። የሚቼልን ጨዋታ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ፈጣን አልነበረም፣ ረጅምም አልነበረም። በሰዓትና በሜትር የሚለካው ነገር ሁሉ ከሌሎች ጋር ነበር። እሱ ጋ የነበረው ሌላ ነው። በቀኝም በግራም እግሩ ይመታል። አራት ሰው ሲከበው አይደነግጥም። ከዚያ ግርግር ውስጥ ኳሱን ለትክክለኛው ሰው አቀብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ልጅ ወረቀት ላይ ለማሳየት የሚጽፈው ሰው ዓይን ያስፈልገዋል። ገንዘብ የሚከፈለውም ለዚያ ዓይን ነው።

የገዛሁት መመሪያ ግን ሰዓትና ሜትሩ ላይ ሙጭጭ ብሏል። ኦክቶበር ላይ ክለቦች ፍላጎት ያሳዩባቸው ልጆች ኮምባይን ወደሚባለው ፈተና ይጠራሉ። 20 ሜትር ይሮጣሉ። ቆመው ይዘላሉ፤ ከዚያ ተንደርድረው በአንድ እግር ይዘላሉ። በተተከሉ ዘንጎች መካከል እየታጠፉ ይሮጣሉ። 2 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። ሐኪም ያያቸዋል፤ ክለቦችም ቁጭ አድርገው ያነጋግሯቸዋል። 20 ሜትሩን ከ2.9 ሰከንድ በታች የጨረሰ ልጅ ፈጣን ይባላል። 2 ኪሎ ሜትሩን በ6 ደቂቃ አካባቢ የገባ ልጅ ትንፋሹ የታመነ ነው።

ፈተናው በራሱ ምንም አይወጣለትም። ለክለቦች ይጠቅማል። ግን አስቡት፤ ክለቦቹ ከዚያ ቀን ይዘው የሚወጡት ትልቁ ነገር የሐኪሙ ወረቀትና ከልጁ ጋር ያደረጉት ወሬ ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ለሕዝብ አይወጡም። ለእኛ የሚደርሰን ሩጫውና ዝላዩ ብቻ ነው። መመሪያው በእጁ ባለው ነገር ይጽፋል። በእጁ ባለው ብቻ መጻፉ ነው የጎዳው። ውጤቱ በወጣ ማግሥት አንድ ልጅ ደረጃው ሲተኮስ አየሁ። ምክንያቱን ሳነብ ዝላዩ ብቻ ነው የተጻፈው። በወቅቱ ሙሉ የተጫወተው ጨዋታ የት ገባ?

በፉቲ ቀጥ ብሎ 20 ሜትር ያለ ከልካይ መሮጥ ስንት ጊዜ ያጋጥማል? ኳሱ ሞላላ ነው፤ መሬት ከነካ ወዴት እንደሚነጥር እሱ ነው የሚያውቀው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ያነሣዋል። ከኋላው ይዞ ሊጥለው ተጋጣሚ ይመጣበታል። በዚያች ቅጽበት ልምታው፣ በቡጢ ላቀብል፣ ወይስ ተጠምዝዤ ላምልጥ ብሎ ይወስናል። ይህን የሚለካ ዘንግ የለም።

አሁን ወደ ከነከነኝ ነገር ልምጣ። የአፍሪካ ቤተሰብ ልጆችን ገጽ አንድ በአንድ ከፍቼ አነበብኩ፤ የኛው ሰፈር ልጆች ናቸውና ዓይኔ ወደ እነሱ ይሄዳል። ሁሉም ገጽ ስለ እግር ርዝመት፣ ስለ ዝላይና ስለ ፍጥነት ነው። ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ወደፊት ግን ያስፈራል፤ በዚህ ያበቃል። ጎኑ ያለውን የሌላ ልጅ ገጽ ስከፍት ደግሞ ጨዋታ ያነባል፣ አመራር አለው፣ ውሳኔው ፈጣን ነው ይላል። ሁለቱን ልጆች ሜዳ ላይ አይቻቸዋለሁ። ከኋላ ቆሞ ጓደኞቹን በእጁ እየጠቆመ ቦታ የሚያስይዘው የመጀመሪያው ልጅ ነበር። ስለዚህ መመሪያው አንድም ቃል የለውም።

ይህን ጉዳይ ለወላጅ ስሜት ብቻ ብዬ አይደለም የማነሣው፤ ግምገማውን ራሱን ስሕተት ያደርገዋል። አሊር አሊርን ውሰዱ። ኬንያ ካኩማ የስደተኞች ካምፕ ነው የተወለደው። በ2013 ሲድኒ በ44ኛ ምርጫ ወሰደው። በ2021 የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ የገባው በፖርት አድሌድ ተከላካይነት ነው። የሚታወቀው የተጋጣሚን ኳስ ከአየር ላይ ቀድሞ በመያዝ ነው። ያንን ለማድረግ መዝለል ይረዳል፤ ግን መጀመሪያ ኳሱ የት እንደሚወድቅ ከመታው ሰው እግር ማንበብ ይጠይቃል። ጨዋታ ማንበብ ማለት ከዚህ በላይ ምን አለ? የኛው የቡልዶግስ ጄሰን ጆሃኒሰን ጆሃንስበርግ ነው የተወለደው። በ2016 የፍጻሜ ጨዋታ ኮከብ ሆኖ ኖርም ስሚዝ ሜዳሊያ ሲያጠልቅ ሩጫውን ሁሉም ሰው አደነቀ። እኔን ግን የሚገርመኝ መቼ መሮጥ እንዳለበት ማወቁ ነው።

አንድ ቀን ዊሊያምስታውን የታለንት ሊግ፣ ማለትም የወጣቶቹ ውድድር፣ ጨዋታ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሜዳው ባሕሩ ዳር ነው። ነፋሱ ከሆብሰንስ ቤይ ሲነሣ ጃኬት አያቆመውም፤ ኳስ ተመትቶ ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስላል። መመሪያው ከላይ ካስቀመጣቸው አማካዮች አንዱ ይጫወት ነበር። ሁለተኛው ሩብ ላይ በነፋሱ ላይ ሊመታ ሞከረ፤ ኳሱ ተጠማዞ ለተጋጣሚው ተከላካይ ደረሰ። ልጁ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። ኳሱ ጎሉ ድረስ ሲሄድ እሱ እዚያው ነው።

ከሌላው ቡድን ደግሞ አንድ ቀጭን ልጅ ነበር፤ ካልሲው ወደ ታች ተንሸራቶ። ያው ስሕተት ደረሰበት፤ በቡጢ ያቀበለው ኳስ ተጠለፈ። ገና ኳሱ ከእጁ እንደወጣ ነገሩን አውቆታል፤ ተጠልፎ ሳያልቅ ዞሮ መሮጥ ጀምሮ ነበር። የሜዳውን አጋማሽ አሳድዶ ከኋላ በሁለት እጁ ጠምጥሞ ጣለው። ተነሣ፤ ትንፋሽ አጥቶ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ለጓደኛው ሰው እንዲይዝ ጮኸ። አጥሩ ላይ ከጎኔ የቆመው፣ የአንድ ክለብ ሹራብ የለበሰ ሰው ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ። ኳስ ያልያዘበትን ቅጽበት ነው የጻፈው! ማታ ቤት ገብቼ የቀጭኑን ልጅ ገጽ ከፈትሁ። ክብደቱ ማነሱ ብቻ ተጽፏል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድን ልጅ ሳይ የማየው ኳስ ካጣ በኋላ ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ነው። ኳስ የያዘበትን ሁሉም ቪዲዮ ያሳያችኋል። ያጣበትን ለማየት ግን ሜዳ መሄድ ያስፈልጋል፤ የተቆራረጠ ቪዲዮ ያንን አያስገባም። የዚህ መመሪያ ጸሐፊዎችም ብዙዎቹን ልጆች በተቆራረጠ ቪዲዮ ያዩአቸው ይመስለኛል። ጽሑፋቸው ላይ ነፋስ የለም፣ ጭቃ የለም፣ ተጋጣሚ የለም።

ሌላ የጎደለው ነገር የልደት ቀን ነው። ቀኑ ተጽፏል፤ ማንም ግን አልተጠቀመበትም። ጃንዋሪ የተወለደና ዲሴምበር የተወለደ ልጅ በአንድ ድራፍት ይገባሉ። በመካከላቸው አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በ17 እና በ18 ዓመት አንድ ዓመት ማለት ትከሻ ነው፣ ጭን ነው። ትንሹ ልጅ በግፊያ ሲሸነፍ «ጉልበት ይጎድለዋል» ተብሎ ደረጃው ይወርዳል። ቢያንስ ከልደት ቀኑ ጎን አንድ ምልክት ቢያደርጉበት ምን ነበረበት?

የትምህርት ቤት ጉዳይም አለ። ታለንት ሊግ በቪክቶሪያ 12 ቡድኖች አሉት፣ ታዝማኒያ ሲጨመር 13። ከ1992 ጀምሮ ስሙ እየተቀያየረ የመጣ ውድድር ነው። ግን በወቅቱ አጋማሽ የግል ትምህርት ቤት ልጆች ቅዳሜ ለትምህርት ቤታቸው ስለሚጫወቱ ከቡድኖቻቸው ይጠፋሉ። ኦክሊ ቻርጀርስና ሳንድሪንግሃም ድራገንስ በተለይ እንዲህ ናቸው፤ ወቅቱ መጨረሻ ላይ ልጆቻቸው ሲመለሱ ሌላ ቡድን ይሆናሉ። በ2019 1ኛና 2ኛ የተመረጡት ማት ራውልና ኖዋ አንደርሰን አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ኦክሊም አብረው የተጫወቱ ናቸው። ስለዚህ አንድ የምዕራብ ሰፈር ልጅ ሜይ ላይ ኦክሊ ላይ ብዙ ኳስ ነካ ሲባል በዚያ ቀን ማን እንዳልተሰለፈ መጠየቅ ያስፈልጋል። መመሪያው ቁጥሩን ይደረድራል እንጂ ይህን አይናገርም። ከዚህ ይልቅ በዓመቱ አጋማሽ የሚደረገው የክልሎች ሻምፒዮና ይሻላል። ቪክ ሜትሮ፣ ቪክ ካንትሪ፣ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ምዕራብ አውስትራሊያና የቀሩትን የሚያሰባስበው አላይስ፤ እዚያ ምርጦቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ።

የ12ኛ ክፍል ፈተናም በዚያው ሰሞን ነው። የቪክቶሪያ ልጆች ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር እየተፈተኑ ነው ድራፍቱን የሚጠብቁት። ክለቦች ቤት ድረስ መጥተው ሳሎን ተቀምጠው ቤተሰብ ያነጋግራሉ። የኛ እናቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት ትምህርቱስ የሚለውን ነው። ትክክልም ናቸው። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚሮጥ ልጅ ነው እንግዲህ በሰከንድ መቶኛ የሚመዘነው።

አሁን በጣም ወዳናደደኝ። ኔክስት ጄኔሬሽን አካዳሚ የሚባል ነገር አለ። ክለቦች በየአካባቢያቸው የነባር ተወላጆችንና ከሌላ ዓለም የመጡ ቤተሰቦችን ልጆች የሚያሠለጥኑበት ነው፤ ከ2016 ጀምሮ አለ። ሌላ ክለብ ያንን ልጅ ልምረጥ ሲል ያሠለጠነው ክለብ ዋጋውን በምርጫ ነጥብ ከፍሎ ሊያስቀረው ይችላል። ሕጉ ግን ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በ2020 ቡልዶግስ ጃማራ አግል-ሄገንን በዚህ መንገድ በ1ኛ ምርጫ ወሰደ። ወዲያው ሕጉ ጠበቅ ተደረገ፤ በ2021 ከመጀመሪያዎቹ 20 ምርጫዎች ውስጥ ማስቀረት ተከለከለ። ማክ አንድሩ በሜልበርን ክለብ አካዳሚ ያደገ ልጅ ነው፤ በዚያ ዓመት ጎልድ ኮስት በ5ኛ ሲጠራው ሜልበርን እጁን አጣጥፎ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም። ቀጥሎ ክልከላው ወደ 40 ሰፋ። በ2024 ደግሞ ተነሣ። በዚያው ዓመት ኤሰንደን አይዛክ ካኮን በ13ኛ ምርጫ አስቀረ።

መመሪያው ላይ ያለው ግን የድሮው ሕግ ነው። ከ40 በፊት ከተጠራ ክለቡ ሊያስቀረው አይችልም ይላል። አንድ ቀን ጨዋታ ላይ አንዲት እናት ይህንኑ ገጽ ስልኳ ላይ ከፍታ መጣች። ልጇ አካዳሚ ውስጥ ነው።

«ወንድሜ፣ አንተ ይሄን ነገር ትከታተላለህ አሉኝ። ልጄን ሌላ ከተማ ሊወስዱብኝ ነው እንዴ? ክለቡ ምንም ማድረግ አይችልም ይላል እኮ።»

«አይዞሽ እህቴ፣ ይሄ የቀረ ሕግ ነው» አልኳት። «የአካዳሚውን ሰው ራሱን ጠይቂው፤ እሱ የዘንድሮውን በጽሑፍ ይሰጥሻል።»

ፊቷ ላይ የነበረውን ጭንቀት አልረሳውም። ልጁ ፐርዝ ወይም ብሪዝበን ሊሄድ ይችላል የሚለው ለማንኛውም እናት ከባድ ነው፤ እሷ ደግሞ በተሳሳተ ወረቀት ነው እንቅልፍ ያጣችው። ማታውኑ ለመመሪያው አዘጋጆች ጻፍኩላቸው። ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን የሚል መልስ መጣ፤ በማሽን የተላከ ነው። ገጹ እስከ ድራፍቱ ድረስ እንደነበረ ቆየ። ተራ ሲቀያየር በደቂቃ የሚያስተካክል ድርጅት አንድ አንቀጽ ማረም አያቅተውም። ለእነሱ አንድ አንቀጽ ነው፤ ለቤተሰቡ ግን የልጁ መኖሪያ ነው።

የአባትና ልጅ ሕግ ላይ ግን በደንብ ሠርተዋል። አባቱ ለክለቡ 100 ጨዋታ ከተጫወተ ልጁን ክለቡ ቅድሚያ ያገኛል። ቡልዶግስ ሳም ዳርሲን በ2021 በ2ኛ ምርጫ፣ ኮሊንግዉድ ኒክ ዴኮስን በ4ኛ ያስቀሩት በዚህ ነው። የነጥቡን ስሌት ሠንጠረዥ ሠርተው አስቀምጠዋል፤ ግልጽ ነው። ያን ያህል ጥንቃቄ ለአካዳሚ ልጆችም ቢያደርጉ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ታዲያ ምን እንግዛ ለምትሉ፣ መጀመሪያ ነፃውን ተጠቀሙ። ካል ቱሚ በሊጉ ድረ ገጽ ላይ በየወሩ የሚያወጣው የዕጩዎች ደረጃ አለ። ለዓመታት ይህንኑ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የሚጽፈው ስለ ጨዋታ ነው፤ ልጁ በየትኛው ጨዋታ ምን እንዳደረገ ይነግራችኋል። ከእሱ ጋር የማልስማማበት ጊዜ አለ፤ ግን ልጁን ቆሞ እንዳየው ይታወቃል።

ሁለተኛው ሜዳ መሄድ ነው። የታለንት ሊግ ቅዳሜን እንደ አገልግሎት ገምግምልን ብትሉኝ፣ ከገዛሁት መመሪያ ጋር አላወዳድረውም። ከአጥሩ ጋር ተደግፋችሁ ትቆማላችሁ፤ ልጆቹ ሲተነፍሱ ይሰማል። ማን ለማን እንደሚጮኽ፣ ማን ጓደኛውን እንደሚያነሣ ይታያል። ችግሮቹም አሉ። መቀመጫ እንደ ሜዳው ነው፤ ዝናብ ከመጣ መጠለያው ጥቂት ነው። ተቀያሪዎቹ የለበሱት ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር የማይገጥምበት ቀን ያጋጥማል፤ ስለዚህ ከወላጆቹ መጠየቅ ይቀላል፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚነግሩት። ወፍራም ጃኬት ያዙ። ከጎሉ ጀርባ አትቁሙ፤ ከዚያ የሚታየው ጎል ብቻ ነው። የክንፉ መስመር ጋ፣ መሃል አካባቢ ቁሙ። ኳሱ ወደ አንዱ ጫፍ ሲሄድ ሌላው ጫፍ ላይ ያለው ተከላካይ ቆሞ ያወራል ወይስ ቦታውን ያስተካክላል የሚለው ከዚያ ይታያል። አንድ ልጅ መርጣችሁ ለአንድ ሩብ ሙሉ እሱን ብቻ እዩት። ኳሱን እርሱት። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ዓይን ኳስ ይከተላል። ከለመዳችሁት በኋላ ግን የትኛውም ገጽ የማይነግራችሁን ታያላችሁ።

መመሪያውን ለማን ልምከር? ሩቅ ለሚኖርና ሜዳ መድረስ ለማይችል ሰው የስምና የቁመት ማውጫ ሆኖ ይጠቅማል። ለወላጅ በፍጹም አልመክርም፤ የአካዳሚውን ገጽ እስኪያርሙ ድረስ። ከአምስት ሁለት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱም ለፍለጋውና ለአባትና ልጅ ሠንጠረዡ ናቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ድራፍቱ ሁለት ምሽት ነው የሚፈጀው፤ ቴሌቪዥኑም ሕዝቡም የሚያተኩረው የመጀመሪያው ምሽት ላይ ነው። ሁለተኛውን አትዝለሉት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሩኪ ድራፍት አለ፤ ማንም ያልመረጣቸው የሚጠሩበት። ቡልዶግስ ከ1954 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫ ባነሡበት የ2016 ቡድን ውስጥ ማቲው ቦይድ፣ ዴል ሞሪስ፣ ሊያም ፒከን፣ ሉክ ዳልሃውስና ጆሃኒሰን ሁሉም በሩኪ በኩል የገቡ ናቸው። ማጃክ ዳውም፣ ሱዳን ተወልዶ በሊጉ የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው፣ ወደ ኖርዝ ሜልበርን የገባው በዚሁ በር ነው። የገዛሁት መመሪያ ለሩኪ ድራፍቱ አንድም ገጽ የለውም። ለሚቀጥለው ወቅት እሱን ከጨመሩና የአካዳሚውን ሕግ ካስተካከሉ ድጋሚ ከፍዬ አየዋለሁ፤ ያየሁትንም እዚሁ እጽፋለሁ።